የጋሽ ሾፌር ታንክ

ሬሳው ከተነሣ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ በፖሊስ ጣቢያው ኮሪደር ግን አሁንም ይሳቃል። ሟቹ ስልሳ ዓመት ያለፈው የስፌት ማሽን ጠጋኝ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሪሞት የሚነዳ መጫወቻ ታንክ ሲያሻሽል ባትሪው ተቃጠለና ጠባብ የሥራ ክፍሉ ውስጥ በጭስ ታፍኖ ሞተ። በወጣትነቱ ወታደር እንደነበረ የሰማ አንድ ፖሊስ «ጦርነት ያልገደለውን አሻንጉሊት ጨረሰው» ብሎ ጀመረ። ቀልዱ ከክፍል ክፍል እየዞረ ቅዳሜ ጠዋት መርማሪዋ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ።

መርማሪዋ አልሳቀችም። በሥራው ላይ ሃያ ዓመት የቆየች፣ አጠር ያለች ሴት ናት። ሌላው ሰው ሲናደድ ድምፁ ይጨምራል፤ የእሷ ይቀንሳል። አብረዋት የሠሩ ሁሉ ዝግ ብላ መናገር ስትጀምር ወንበራቸውን ራቅ ያደርጋሉ።

መዝገቡ አንድ ገጽ ብቻ ነበር። «ባትሪ ቻርጅ በማድረግ ላይ ሳለ በድንገት በተነሣ እሳት» ይልና ያበቃል። ከገጹ ጋር ስድስት ፎቶግራፎች ተያይዘዋል። አራተኛው ላይ ዓይኗ ቀረ። በጥላሸት የጠቆረ ግድግዳ ላይ ቻርጀሩ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሎ በላስቲክ ታስሯል፤ ላስቲኩም በሙቀቱ ቀልጦ እዚያው ገመዱ ላይ ተጣብቋል።

ፎቶውን ይዛ አለቃዋ ቢሮ ገባች።

«ባትሪውን በምን ነበር ቻርጅ የሚያደርገው?» አለችው።

አለቃው ማክሰኞ የጦርነቱ መታሰቢያ አዳራሽ እንደሚመረቅ፣ ያለው ሰው ሁሉ ለእንግዶች ጥበቃ እንደሚፈለግ፣ ለመጫወቻ የሚባክን ጊዜ እንደሌለ ነገራት።

«ለመጫወቻው አይደለም» አለች፣ ድምጿ ጭራሽ ወርዶ። «ለሰውየው ነው።»

አለቃው ድምጿን አወቀው። እስከ ሰኞ ማታ ፈቀደላት።

የሟቹ ልጅ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ከአባቷ ጋር የምትኖረው እሷ ብቻ ስትሆን፣ ሐሙስ እስከ አሥር ሰዓት ክፍል ውስጥ እያስተማረች ነበር። መርማሪዋን ግቢው በር ላይ ቆማ ተቀበለቻት። ዓይኗ ያበጠ ቢሆንም እያለቀሰች አልነበረም፤ ቀልዱ እሷም ጆሮ ደርሷል።

«አንቺም ልትስቂ ከሆነ የመጣሽው እዚሁ ሳቂና ተመለሺ» አለቻት።

መርማሪዋ ፎቶውን አውጥታ ቻርጀሩን አሳየቻት። ልጅቱ ለረጅም ጊዜ አየችውና መንገድ ለቀቀችላት።

አባቷን ሰው ሁሉ ጋሽ ሾፌር ይለው እንደነበር ነገረቻት። መኪና ኖሮት አያውቅም፤ የነዳው ነገር ቢኖር በጦርነቱ ጊዜ ታንክ ነው። ስለዚያ ዘመን አንድም ቀን አውርቷት አያውቅም። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ሱቅ መስታወት ውስጥ መጫወቻ ታንክ አየና እንደ ሕፃን አቅፎት ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ አላባራም። የፕላስቲኩን ሰንሰለት አውጥቶ በብረት ይተካል፤ በሳምንት የሚያልቀውን የፕላስቲክ የማርሽ ጥርስ ጥሎ ከአሮጌ የስፌት ማሽን ያወጣውን የብረት ጥርስ ይገጥማል። አዲስ ቀለሙን ፍቆ ጭቃና ዝገት የሚመስል ይቀባል።

«ሰው ገዝቶ ያሳምራል፤ አንተ ገዝተህ ታቆሽሻለህ እለው ነበር» አለች። «ንጹሕ ታንክ አይቼ አላውቅም ይለኛል።»

የመጨረሻው ታንክ ግን የራሱ አልነበረም። በጦርነቱ ጊዜ አዛዡ የነበሩት ሻለቃ ከሱቅ ገዝተው ነው የሰጡት። ለመታሰቢያው አዳራሽ አብረው የተዋጉበትን ታንክ አስመስሎ እንዲሠራላቸው ነበር የጠየቁት። ልጅቱ ኮርታ ነበር። አባቷ ግን ታንኩን ከተቀበለ ጀምሮ እንቅልፍ አጣ፤ ምግብ እየተወ ይነሣል፤ ስትገባበት በጨርቅ ይሸፍነዋል።

መርማሪዋ ስለ መዳፎቹ ጠየቀቻት። ሬሳውን ሄዳ አይታዋለች፤ ሁለቱም መዳፎቹ ላይ የከረመ የቃጠሎ ጠባሳ ነበር። ልጅቱ ብየዳ ሲሠራ የተቃጠለው ነው ብሎ እንደነገራት መለሰች። ቀጥሎ የጠየቀቻት ግን ጠባሳውን ሳይሆን የቡጢዎቹን ቆዳ ነበር። የሁለቱም እጆች ቡጢ ተልጦ ደም ቋጥሯል፤ ሐኪሙ «በመውደቅ» ብሎ ጽፎታል። ልጅቱ ሐሙስ ጠዋት ስትሰናበተው ቡጢዎቹ ደህና ነበሩ አለች።

የሥራ ክፍሉ ግቢው ጥግ ላይ ነው። አንዲት መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አላት፤ በሩ ደግሞ ወፍራም ጣውላ ሆኖ ወደ ውጭ ይከፈታል። ጋሽ ሾፌር ሥራ ጨርሶ ሲወጣ የጎረቤት ድመት እንዳትገባ የሚዘጋው መቀርቀሪያ ከውጭ በኩል አለ። መርማሪዋ ከመግባቷ በፊት በሩ ፊት ተቀመጠች። ጭሱ በስንጥቁ እየተግተለተለ ወጥቶ የበሩን ጠርዝና መቃኑን በጥላሸት ቀብቶታል። መቀርቀሪያው አሁን እንደተከፈተ ነው። መቃኑ ላይ ግን፣ መቀርቀሪያው ሲዘጋ የሚያርፍበት ቦታ፣ የጣት ስፋትና የጣት ርዝመት ያለው አንድ ንጹሕ መስመር ነበር። ከሥሩ ያለው ሰማያዊ ቀለም እንዳለ አለ።

ጣቷን አስጠግታ ለካችው። እዚህ ግቢ ሦስት ፖሊሶች ገብተው ወጥተዋል። ሦስቱም በዚህ በር አልፈዋል። ጥርሷን ነክሳ ተነሣች።

ውስጡ የቀለጠ ፕላስቲክና የቲነር ሽታ ነበረው። ጠረጴዛው ላይ የሰጠመ ታንክ የሚመስል ጥቁር ጉብታ ተጋግሯል። ከጎኑ የባትሪው አመድ አለ፤ አመዱ መሀል አንድ ካቻቢቴ ወድቋል። ስታነሣው ጫፉ ላይ የቀለጠ የባትሪ ቆርቆሮ ተጣብቆበት አየች። ካቻቢቴው ባትሪው ሲቃጠል አጠገቡ ሳይሆን ውስጡ ነበር። መሳቢያው ሙቀቱ አልደረሰበትም። አራት ሪሞቶች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ በጋሽ ሾፌር እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል።

«ስንት ታንክ ነበረው?» አለች።

«አራት የራሱ፤ አምስተኛው የሻለቃ» አለች ልጅቱ።

አምስተኛው ሪሞት መሳቢያው ውስጥም፣ ወለሉ ላይም፣ አመዱ ውስጥም አልተገኘም።

ሬሳውን ያገኘው ታንኩን የሸጠው ባለሱቅ ነው። ወፍራም፣ ሲናገር የሚያልበው ሰው ነው፤ ሁለቱም እጆቹ በፋሻ ተጠቅልለዋል። ሐሙስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሱቁ ውስጥ ከደንበኞች ጋር እንደነበር፣ ከዚያ ዘግቶ የታዘዘውን የብረት ሰንሰለት ይዞ እንደመጣ ተረከ። ግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ጭስ አይቶ ሮጠ፤ የሥራ ክፍሉን በር ሳበው፤ ሰውየው ከበሩ ሥር ተኝቶ ነበር። ጎትቶ ሲያወጣው ነው የተቃጠለው። መቀርቀሪያው ተዘግቶ ነበር ወይ ስትለው አልነበረም፣ ዝም ብዬ ነው የሳብኩት አለ።

ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር የሚባለውን አልካደም። ሻለቃው የገዙት ታንክ ከሱቁ ውዱ ነበር። ጋሽ ሾፌር ቀጭን መጋዝ ተውሶ፣ አብሮ የተሠራውን የላይኛውን ክዳን ቆርጦ አወጣው። ባለሱቁ ይህን ሲያይ አብዶ ጮኸበት።

«ያን የመሰለ ዕቃ ጭንቅላቱን ይገዘግዘዋል» አለ። «ለምንድነው ስለው፣ ክዳኑ መከፈትና መዘጋት አለበት አለኝ። በእጅ የሚከፈት መስሎኝ ተውኩት። ብጠይቀው ኖሮ…» አለና በፋሻው ፊቱን ጠረገ። ራሱን ሲረግም መርማሪዋ ትታው ወጣች።

ሁለተኛው የሟቹ ወዳጅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ከቅጥነቱ የተነሣ ሽቦ ይሉታል። ሐሙስ ከሰባት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የሆስፒታል ሊፍት ሲጠግን ከሁለት ሰዎች ጋር ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ስድስት ሰዓት ላይ ጋሽ ሾፌር ዘንድ ሄዷል። ክዳኑን በሪሞት የምትከፍትና የምትዘጋ ትንሽ ሞተር ወስዶለት አብረው ገጠሟት።

«ስለ ሞተሯ ማን ያውቃል?» አለችው።

«እኔና እሱ። ዕለቱን ነው የገዛኋት። እስከ ማክሰኞ ለማንም እንዳትናገር አለኝ፤ አልተናገርኩም።»

ሌላም ነገር ነበር። እንዲህ ዓይነት ታንክ የሞተር ጩኸትና የተኩስ ድምፅ ያለው ካርድ አለው። ጋሽ ሾፌር ያንን አጥፍቶ ሌላ ድምፅ እንዲያስገባለት ለምኖታል። ከሳምንት በፊት አሮጌ የብረት ሣጥን አምጥቶ በቡጢው ይመታል፤ ሽቦ ይቀዳል። አሥራ አንድ ጊዜ አስደገመው። በጣም ፈጠነ ይላል፤ እንደገና። መጀመሪያ ፈጣን ነው፣ ከዚያ ይዘገያል፣ ከዚያ አንድ ብቻ ይላል፤ እንደገና። ክዳኑ ሲዘጋ ድምፁ እንዲጀምር አደረጉት።

«እኔ ደግሞ ቀለድኩበት» አለ ሽቦ መሬት መሬት እያየ። «በር የሚያንኳኳ ታንክ አይቼ አላውቅም አልኩት። አልሳቀም።»

መርማሪዋ የድምፁ ቅጂ እንዳለው ጠየቀችው። ነበረው። አንድ ጊዜ ሰማችውና እንዲያጠፋው በእጇ አመለከተችው። ከዚያ ሄዳ መኪናዋ ውስጥ ቁልፉን ሳታዞር ተቀመጠች። የሟቹ መዳፎች ፊቷ ላይ ድቅን አሉባት።

ሻለቃው ቤት እሑድ ጠዋት ደረሰች። ቁመታቸው ቀጥ ያለ፣ ጢማቸው የተስተካከለ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ማክሰኞ ኒሻን ይቀበላሉ፤ የሚያነቡት ንግግር ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ከእሷ በኩል ተገልብጦ የሚታይ አንድ መስመር ላይ ዓይኗ ወደቀ፦ «መድፍ ተኳሼና ጥይት አጉራሼ በመጀመሪያው ምት ያለ ሥቃይ በቅጽበት ተሰው።»

«ተቀመጪ ልጄ» አሏት። ልጄ ማለታቸው ቆዳዋን ቆነጠጣት።

ስለ ጋሽ ሾፌር እያዘኑ ተናገሩ። ጎበዝ ነጂ ነበር፤ በእርጅና ትንሽ አእምሮው ደከመ እንጂ። ከባለፈው እሑድ ወዲህ ሥራ ክፍሉን እንዳልረገጡት፣ ሐሙስ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ አዳራሹ ውስጥ የምረቃው ልምምድ ላይ እንደዋሉ ገለጹ። ታንኩ ምን ላይ ደርሶ ነበር ብላ ስትጠይቅ ትከሻቸውን ነቀነቁ።

«መቼም እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር» አሉ። «ያችን የክዳን ሞተር ሲያገናኝ ሽቦ ከሽቦ አነካክቶ ይሆናል። ባትሪው የት ይታመናል።»

መርማሪዋ አንገቷን ነቅንቃ አመሰገነች። ማስታወሻ ደብተሯን አልከፈተችም። ከዚያ ወጥታ በቀጥታ አዳራሹ ዘበኛ ዘንድ ሄደች። ዘበኛው ጥንቁቅ ሰው ነው፤ የሚገባና የሚወጣ መኪና ሁሉ ይመዘግባል። የሻለቃው መኪና ሐሙስ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ወጥታ አሥር ሰዓት ላይ ተመልሳለች። ከዓርብ ጀምሮ ግን የራሳቸውን መኪና አልነዱም፤ ለክብራቸው ሾፌር ያለው መኪና ተመድቦላቸዋል። የእሳቸው ቤታቸው እንደቆመች ናት።

ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አራቱም ጋሽ ሾፌር ግቢ ተሰበሰቡ። ሻለቃው ግራጫ ካፖርት ደርበው የመጡት በተቃጠለው ታንክ ምትክ ሌላ ሊሰጣቸው የተጠሩ መስሏቸው ነው። ባለሱቁ እንደዚያኛው ያለ ታንክ ይዞ መጥቷል፤ ክዳኑን በፋሻ በተጠቀለለ እጁ ራሱ በመጋዝ ቆርጦታል። ሽቦም ሞተርና ድምፅ ገጥሞለታል። ልጅቱ የአባቷ ክፍል በር ላይ ተደግፋ ቆማለች። መርማሪዋ መሀል ገባች።

«ባትሪው ቻርጅ እየተደረገ አልነበረም» ብላ ጀመረች። «ቻርጀሩ ታስሮ ሚስማር ላይ ነው የተገኘው። ታዲያ ምን አቃጠለው? ካቻቢቴ ነው። ጫፉ ላይ የባትሪው ቆርቆሮ ቀልጦበታል። እንዲህ ዓይነት ባትሪ ሲወጋ ወዲያው ይነዳል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሠራበት የኖረ ሰው ባትሪ አይወጋም።»

ቀጥላ ወደ በሩ ዞረች። እሳት ሲነሣ ጋሽ ሾፌር ሁለት እርምጃ ተራምዶ መውጣት ይችል ነበር። ቡጢዎቹ ግን እስኪላጡ በሩን ሲደበድብ ነበር፤ ክፍት በር ደግሞ ማንም አይደበድብም። ሁሉንም ጠርታ በመቃኑ ላይ ያለውን ንጹሕ መስመር አሳየቻቸው። ጭሱ ሲወጣ መቀርቀሪያው ተዘግቶ እዚያ ላይ አርፎ ነበር። ባለሱቁ ሲደርስ ግን ክፍት ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ከውጭ ዘግቶ፣ ድብደባው እስኪቆም ጠብቆ፣ መልሶ ከፍቶ ሄዷል።

ባለሱቁ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ማን?» አለች ልጅቱ።

«አንቺ ክፍል ውስጥ እያስተማርሽ ነበር፤ አርባ ተማሪ አይቶሻል። ሽቦ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ባለሱቁ ገድሎት ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ይሄድ ነበር እንጂ እጁ እስኪቃጠል አይጎትተውም፤ ደግሞም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሱቁ አልወጣም። ሻለቃ፣ እርስዎ ከስምንት ተሩብ እስከ አሥር አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም።»

«ንጹሕ አየር ልቀበል ወጣሁ» አሉ ሻለቃው። «ይኼ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን ትናንት ስለ ክዳኑ ሞተር ነገሩኝ። ሞተሯ የተገዛችው ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ታንኩ ላይ የተገጠመችው ሐሙስ ስድስት ሰዓት ነው። ከባለፈው ሳምንት እሑድ ወዲህ እዚህ ያልመጣ ሰው ሊያውቃት አይችልም። እርስዎ ያወቋት ስላዩዋት ነው፤ ጋሽ ሾፌር ራሱ አሳይቶዎታል።»

ሽቦን አይታው አንገቷን ነቀነቀች። ሽቦ ሪሞቱን ነካው። የትንሿ ታንክ ክዳን ቀስ ብሎ ወረደና ተዘጋ። ከውስጥ ድምፁ ጀመረ፤ ብረት ላይ የሚያርፍ የሰው ቡጢ። መጀመሪያ ፈጣን ነበር። ከዚያ ዘገየ። ከዚያ አንድ ብቻ፣ ቆይቶ አንድ ብቻ።

«አጥፋው» አሉ ሻለቃው። ፊታቸው ዐመድ መስሏል።

«ነጂው የራሱ መውጫ አለው፣ ከፊት» አለች መርማሪዋ፣ ድምጿ ሊሰማ እስከማይችል ወርዶ። «ታንኩ ሲመታ ጋሽ ሾፌር በዚያ ወጣ። እርስዎ በላይኛው ወጡ። ተኳሹና አጉራሹ ከኋላዎ ነበሩ። ክዳኑን በላያቸው ዘጉት። ነጂው ተመልሶ የጋለውን ብረት በመዳፉ ሊከፍት ታገለ፤ ጠባሳው የብየዳ አይደለም። ከውስጥ ሲደበድቡ ሰምቷል። ሃያ ስድስት ዓመት ዝም አለ፤ የአዛዡን ቃል ትቶ እሱን የሚያምን ማን ነበር? ከዚያ እርስዎ ራስዎ ታንኩን ገዝተው አመጡለትና ልክ እንደነበረው አድርገህ ሥራ አሉት። ልክ እንደነበረው ሠራው።»

ሻለቃው ተነሡ። ይህ ሁሉ የአንዲት ሴት ተረት እንደሆነ፣ አለቃዋን ዛሬውኑ እንደሚያነጋግሩ ተናገሩ። ያን ጊዜ የግቢው በር ተከፍቶ አንድ ፖሊስ ገባ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ ሻለቃው ቤት የቆመችውን መኪና ሲፈትሽ ነበር። ከወንበሩ ሥር ያገኘውን በላስቲክ ከረጢት አድርጎ ለመርማሪዋ ሰጣት። ሪሞት ነው። ሁለት ወረቀቶች ተለጥፈውበታል፤ በጋሽ ሾፌር እጅ አንዱ ላይ «ክዳን»፣ ሌላው ላይ «ድምፅ» ይላል።

«ድምፁን ለማስቆም ከእጁ ነጠቁት» አለች። «ከዓርብ ጀምሮ ሾፌር ተመደበልዎትና ወስደው የሚጥሉበት ጊዜ አጡ።»

ሻለቃው መልሰው ተቀመጡ። ሲናገሩ ከድሮ ጓደኛ ጋር እንደሚያወሩ ዓይነት ነበር።

«እሳቱ ይከተለኝ ነበር» አሉ። «እናንተ አላያችሁትም። ካልዘጋሁት እኔም እዚያው ነበርኩ። ከሦስት ሰው አንድ ቢተርፍ አይሻልም?»

ልጅቱ ከበሩ ላይ ተነሥታ ፊታቸው ቆመች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እርስዎ ብላ የጠራቻቸውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው።

«ሐሙስስ?» አለች። «ሐሙስ ምን እሳት ተከተለህ?»

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አወጣው።

መርማሪዋ ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ቀራት። የተኳሹ እህት ከተማው ጫፍ ላይ ብቻዋን እንደምትኖር ከመዝገብ አግኝታለች። ከሬዲዮ ከምትሰማው እኔ ብነግራት ይሻላል ብላ ሄደች። እህትየው ፀጉሯ የሸበተ ልብስ አጣቢ ናት፤ ልብስ እያሰጣች ቆማ ሰማቻት። መርማሪዋ ምንም አላስቀረችም። ክዳኑን ነገረቻት፤ ጋሽ ሾፌር በመዳፉ መታገሉን ነገረቻት፤ ድምፁንም ነገረቻት።

እህትየው የያዘችውን አንሶላ ጨምቃ ጨረሰች። ገመዱ ላይ ዘርግታ ሁለቱን ጫፍ አስተካከለች።

«ሻለቃው በየዓመቱ ይመጣል» አለች። «ወንድሜ የሞተበትን ቀን እየቆጠረ። ወንድምሽ አልተሠቃየም ይለኛል። እኔም እግሩ ላይ እየወደቅሁ አመሰግናለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ብርድ መታኝ ሲል የወንድሜን ካፖርት አውጥቼ አለበስኩት። እናታችን የገዛችለትን። ሃያ አራት ዓመት በእሳት ራት እንዳይበላ ስጠብቀው የኖርኩትን።»

መርማሪዋ ጠዋት ሻለቃው ሲመጣ የለበሰውን ግራጫ ካፖርት አስታወሰች፤ ትከሻው ሰፍቶት ነበር።

«አሁን እናንተ ጋ ነው ያለው?» አለች ሴትየዋ።

«ጣቢያ ነው።»

«ለብሶታል?»

«ለብሶታል።»

ሴትየዋ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ የቤቷን በር ዘጋች፣ ቁልፉን ከትታ ወደ መኪናው አቀናች።

«ውሰጂኝ» አለች። «ሄጄ ላስወልቀው።»

ደንቡ እስረኛን ማንም እንዲቀርብ አይፈቅድም። መርማሪዋ ይህን ልትነግራት አፏን ከፈተችና ተወችው። ቀድማ ሄዳ የመኪናውን በር ከፈተችላት።